«ኔጌቲቭ ናት፣ ተመስገን!»

እህቴ ደም እየፈሰሳት አማቷ እልል አለች።

ያየሁትን ነው የምጽፈው። ሶዶ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከማዋለጃው ፊት ለፊት ያለው ኮሪደር ላይ ቆመናል። የላብራቶሪው ሰው ጓንቱን ሳያወልቅ ብቅ ብሎ፣ «ከሁምቦ የመጣችው ወላድ ቤተሰቦች? ደሟ ኦ ኔጌቲቭ ነው» አለ። አማቷ ሁለት እጇን ወደ ኮርኒሱ ዘረጋች።

«ኔጌቲቭ ናት! ጌታ ይመስገን! ልጄም ነፃ ነው!»

እልልታው ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። አብረዋት ከሁምቦ የመጡት ሴቶች ተቀበሏት፤ አንዷማ መዝሙር ጀመረች። በበሩ ክፍተት የእህቴ እግር ይታየኛል። አልጋውን በእግሯ በኩል ከፍ አድርገውታል። ነርሷ ጨርቅ ታስገባለች፣ ጨርቅ ታወጣለች። የምታስገባው ነጭ ነው።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እኛ ዘንድ «ፖዘቲቭ» እና «ኔጌቲቭ» የሚባሉት ቃላት ሥራቸው አንድ ብቻ ነው። ፖዘቲቭ፣ ቫይረሱ በደሙ ያለ ሰው። ኔጌቲቭ፣ የሌለበት። አማርኛ የማይሰማ የቆላ ገበሬ እንኳ እነዚህን ሁለቱን ያውቃል። ጤና ጣቢያው አስተምሮታል፣ ሬዲዮው አስተምሮታል፣ ከሁሉም በላይ ቤተክርስቲያን አስተምራዋለች። በእኛ ቤተክርስቲያን ሙሽሮች ተመርምረው ወረቀቱን ለሽማግሌዎች ካላቀረቡ ጋብቻቸው አይባረክም። ስለዚህ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ከበር ወጥቶ «ኔጌቲቭ» ሲል ሌላ ነገር ማለቱ ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም።

አማቷ ደግሞ የራሷ ጭንቀት ነበራት። ልጇ፣ የእህቴ ባል፣ የዓመቱን ግማሽ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ነው የሚሠራው። እዚያ ስላለው ኑሮ የምትሰማው ወሬ እንቅልፍ ነስቷታል። ሚስቱ ኔጌቲቭ ከሆነች እሱም ደህና ነው ማለት ነው። ረጋ ብሎ ላሰበው አይፈረድባትም። እኔ ግን ያን ቀን ረጋ ብዬ አላሰብኩም።

«እማማ፣ ይሄ የበሽታ ምርመራ አይደለም! የደም ዓይነት ነው። የሷ ዓይነት ደም በቀላሉ አይገኝም። እልል አይባልም፣ ያስለቅሳል!»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አንቺን ደስታ አይስማማሽም» አለች። «ፈተናውም ለዚህ ነው ያልተስማማሽ።»

እውነቷን ነው፣ ፈተናው አልተስማማኝም። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አላመጣሁም። መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። እህቴ በጥቂት ዓመት ትበልጠኛለች። ስትስቅ ጎረቤት ይሰማል። ሁምቦ ካገባች ወዲህ በገበያ ቀን የሽፈራው ቅጠል በፌስታል ይዛ ሱቁ ድረስ ትመጣና ደንበኛ ፊት፣ «ዛሬም ባል አላገኘሽም?» ትለኛለች። ፈተናውን የወደቅሁ ጊዜ ሰው ሁሉ ምክር ሲያዘንብብኝ እሷ አንዲት ቃል አልተናገረችም። አጠገቤ ተኛች፤ ብርድ ልብሱንም ሙሉውን ወሰደችብኝ። የእልልታው ዕለት የመጀመሪያ ልጇን፣ ሴት ልጅ፣ ጤና ጣቢያ በሰላም ወለደች። ደሙ ግን አልቆም አለ። አምቡላንስ ወደ ሶዶ አመጣት። እኔ በባጃጅ ስደርስ እናቴ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልላ ታቅፋለች።

ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ከአዲስ አበባ የተመደበ። ጎትቶ ወደ መስኮቱ ወሰደኝ።

«ማህፀኗ አልኮማተር ብሏል። ያለውን መድኃኒት ሰጥተናታል። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል፤ ያለ ደም ከገባሁ ግን ጠረጴዛው ላይ ታመልጠኛለች።»

«ደም ባንክ የለም እንዴ?»

«አለ። ኦ ኔጌቲቭ ግን የለውም። አርባ ምንጭም ሐዋሳም ደውለናል። ከሐዋሳ ከተገኘ በመኪና ይላካል…» መንገዱን አስቦ ሰዓቱን አየ። «ዘመድ ሰብስቢ። በተለይ ወንድም እህት።»

ኦ ኔጌቲቭን አውቀዋለሁ። ባዮሎጂ ፈተና ላይ መጥቶ ነበር። ለሁሉም የደም ዓይነት መስጠት የሚችለው የትኛው ነው? በትክክል መልሻለሁ፤ ምናልባት ያን ዓመት በትክክል የመለስኩት እሱን ብቻ ነው። ያልተጠየቅነው ግማሹን ነው። ለሁሉም የሚሰጠው ደም፣ ሲቸግረው ከራሱ ቢጤ በቀር ከማንም አይቀበልም። በኋላ አንድ የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ ይህን ሰምተው ስብከት አደረጉት፤ ስለ ሰጪነት። ጥዬ ወጣሁ። እህቴ ምሳሌ ልትሆን አይደለም የደማችው።

መጀመሪያ ራሴን ይዤ ላብራቶሪ ሮጥኩ። የላብራቶሪው ሰው ከሰሜን የመጣ፣ ድምፁ ሜዳ ላይ የሚጣራ የሚመስል ሰው ነው። ጣቴን ወጋ፣ ደሜን ነጭ ሰሌዳ ላይ አንጠባጠበ፣ ከየጠርሙሱ ጨመረበት፣ ሰሌዳውን ወዲያ ወዲህ አዘነበለው። ከዚያ በሩን ከፍቶ ለነርሷ ጮኸ።

«እህትየዋ ኦ ናት! ግን ፖዘቲቭ!»

ፊደሉ ልክ፣ ምልክቱ ስህተት። የኔ ነገር ሁሌም እንዲህ ነው፤ ለጥቂት ነው የምስተው። ዞር ስል እናቴ ከኋላዬ ቆማለች። ሕፃኗን በአንድ ክንዷ አቅፋ በሌላው እጇ ክንዴን ያዘች። እጅጌዬን ወደ ላይ ሰብስባ ቆዳዬን አየች፤ ምን እንደምትፈልግ እንጃ።

«መቼ ነው?» አለችኝ በወላይትኛ።

«ምኑ?»

«የያዘሽ።»

«እማ! አልያዘኝም! ይሄ ሌላ ፖዘቲቭ ነው!»

«እሺ» አለች። ሰው ልጁ እየዋሸ መሆኑን እያወቀ የሚለውን እሺ ነው ያለችው። እጅጌዬን መልሳ አለበሰችኝ፤ አግዳሚው ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ተንበርክኬ ማስረዳት ነበረብኝ። ግን ነርሷ ሌላ ጨርቅ ይዛ ስትወጣ አየሁና ስልኬን አወጣሁ።

የክፍል ጓደኞቼ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ፣ የሰፈሩ ላይ፣ የመዘምራኑ ላይ ለጠፍኩት። «አስቸኳይ! ኦ ኔጌቲቭ ደም ያለው ሰው በአስቸኳይ ይምጣልን።» ስልኬ ወዲያው ጮኸ። ደስታዬ!

«እህቴ፣ እኔ ኔጌቲቭ ነኝ። የት ልምጣ?»

«ኦ ነህ?»

«ኧ?»

«ኦ ነህ ወይ? የደም ዓይነትህ?»

«እኔ ጨዋ ሰው ነኝ እህቴ። ኔጌቲቭ ነኝ።»

ዘጋሁት። ሁለተኛው ሲደውል አልዘጋሁም፤ ማን ያውቃል፣ ከጨዋዎቹ አንዱ ኦ ሊሆን ይችላል። ኑ፣ ሁላችሁም ኑ አልኩ። በዚህ መሃል ከሁምቦ የባልየው ዘመዶች ሚኒባስ ሞልተው ደረሱ፤ ወንዶቹ እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ «ደማችንን ውሰዱ» እያሉ ተሰለፉ። እውነቱን ለመናገር ያኔ ወደድኳቸው።

ከሁሉም ፊት የቆመው ግን የመዘምራኑ ልጅ ነው። በቅርቡ ነው ያገባው። የሠርጉን ሱፍ ለብሶ፣ ሙሽራዋን አስከትሎ፣ ለጋብቻው የተመረመረበትን ወረቀት በፕላስቲክ አስለብጦ ይዞ መጣ።

«መርፌው አያስፈልግም» አለው የላብራቶሪውን ሰው። «ይኸው፣ ኔጌቲቭ። ማኅተም አለው።»

«ወንድሜ፣ ይሄ ሌላ ነው። ጣትህን ስጠኝ።»

ሰጠው። ሙሽራዋ በኩራት ታየዋለች። የላብራቶሪው ሰው ሰሌዳውን አዘንብሎ አየና፣ በዚያ የሜዳ ድምፁ፣ «ቢ ፖዘቲቭ!» አለ።

ልጁ ወረቀቱን አየ፣ የላብራቶሪውን ሰው አየ፣ ሚስቱን አየ።

«ከሠርጋችን ወዲህ ነው?» አለችው ሚስቱ።

«በጌታ ስም እምላለሁ—»

«የጌታን ስም አትጥራ! ወዴት ነው የሄድከው? ያ የቦዲቲው የኮንፈረንስ ጉዞ ነው፣ አይደል?»

አሁን ስጽፈው ሳቄ ይመጣል። ያኔ ግን ከኋላቸው የተሰለፉትን የሁምቦ ሰዎች ነበር የማየው። አንዱ የጠቀለለውን እጅጌ ቀስ ብሎ ዘረጋ። አንዱ ስልክ የተደወለለት መስሎ ጆሮው ላይ ለጥፎ ወጣ። አንዱ ሽማግሌ፣ «እኔ እንኳ እድሜዬም አይፈቅድ» ብለው በትራቸውን አነሱ። አልፈራም ብለው የተመረመሩት ጥቂቶቹም አንድ በአንድ «ፖዘቲቭ»፣ «ፖዘቲቭ» ተባሉ፤ አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው እንደዚያው ነውና። የተባለው ሁሉ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ይወጣል። ሰልፉ በዓይኔ እያየሁት ቀለጠ።

የላብራቶሪውን ሰው ጋዋኑን ያዝኩት። «ፖዘቲቭ እያልክ አትጩህ!»

«ታዲያ ምን ልበል? ውጤቱ እሱ ነው!»

«ፕላስ በል! ማይነስ በል! ሰው ሁሉ ኤድስ ያዘህ እየተባለ መስሎት እየሸሸ ነው!»

ይህን ያህል ጊዜ እዚህ ሠርቶ አልታየውም ነበር። ለእሱ ሰዉ የሚሸሸው መርፌ ፈርቶ ነው። ሮጬ ግቢው በር ድረስ ሄድኩ፤ በአማርኛም በወላይትኛም ጮህኩ፤ «ተመለሱ! የበሽታ አይደለም!» ሚኒባሱ ሞተር አስነስቷል። ሹፌሩ በርኅራኄ ነው ያየኝ። ነገሩ ገባኝ። እኔም ፖዘቲቭ መባሌን ሰምተዋል። የታመመች ልጅ ለታመሙት ትሟገታለች ነው የሚሉት።

ወንድማችን የመጣው ያኔ ነው። ቦዲቲ ባጃጅ ይነዳል፤ የሰው ባጃጅ ይዞ እስከ ሶዶ በረረ። ከኔ ቀጥሎ ያለው ተስፋ እሱ ነው፤ የአንድ እናትና አባት ልጆች ነን።

«አንቺ፣ ምን አፈጠጥሽ?» አለኝ። «ዕድሜ ልኬን ደሜን ለወባ ትንኝ ስሰጥ የኖርኩ ሰውዬ ለእህቴ እሳሳለሁ? ወዴት ነው?»

የላብራቶሪው ሰው አየው፣ አዘነበለው፣ ተጠንቅቆ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ማይነስ ነው» አለ።

ዘለልኩ። ወንድሜን አንገቱን አንቄ ሳምኩት። አማቷ እንኳ ከአግዳሚው ተነስታ «ተመስገን» አለች፤ ማይነስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሰው ነግሯት ነበር። ከዚያ የሰውየውን ፊት አየሁ።

«ፊደሉስ?»

«ኤ ነው።»

ወንድሜ ክንዱን አስቀድሞ ዘርግቷል። «በቃ ቅዳኛ! ምን ትጠብቃለህ?»

«አይሆንም ወንድሜ። እሷ ኦ ናት። ያንተን ደም ሰውነቷ እንደ ጠላት ነው የሚያየው።»

«ምን የሚሉት ጠላት? ከአንድ ማህፀን ነው የወጣነው! እንኳን ደም፣ በልጅነታችን ጫማም እንዋዋስ ነበር!»

ሰውየው ከክርክር ማሳየት መረጠ። ከእህቴ የተቀዳውን ደም አጣርቶ፣ ከላይ የተንሳፈፈውን ቢጫ ውሃ ጠብታ ሰሌዳው ላይ አደረገ። የወንድሜን ጠብታ ጨመረበት። ወዲያው ተበጣጠሰ። እሳት ላይ አይብ እንደሚቋጥር ወተት፣ ቀዩ ለብቻ ቋጠሮ ቋጠሮ ሆነ፣ ውሃው ለብቻ ቀረ።

«ይሄ በደም ሥሯ ውስጥ ቢሆን አስበው» አለ።

ወንድሜ እጅጌውን አልመለሰም። የላብራቶሪው ደጃፍ ላይ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቀልደኛ ሰው ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው፤ ማልቀስ አይችልበትም።

ከሐዋሳ ተደወለ። ያለው አንድ ከረጢት ለሌላ ሰው ወጥቷል፤ ሌላ እየተፈለገ ነው። ዶክተሩ ስልኩን ኪሱ ከተተና ጠራኝ።

«አንድ መንገድ አለ። ደስ የሚል መንገድ አይደለም። ያንቺ ደም ፊደሉ ከሷ ጋር ይስማማል። ምልክቱ ነው የማይስማማው። ነገር ግን ሰውነቷ ከዚህ በፊት ፖዘቲቭ ደም አግኝቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባበት አያውቀውምና ወዲያው አይዋጋውም። ጠላትነቱን የሚማረው ቀስ ብሎ ነው። ያኔ እሷ ድናለች።»

«ከተማረ በኋላስ?»

«ሌላ ልጅ ስታረግዝና ልጁ እንዳንቺ ከሆነ፣ የተማረው ነገር ሆዷ ውስጥ ያለውን ልጅ ሊዋጋው ይችላል። ከባድ ክትትል ያስፈልጋታል። ልጁ ሊሞትም ይችላል።»

«ካላደረግነውስ?»

ወደ በሩ ነው ያየው።

የሷንና የኔን ጠብታ ሲያገናኙ አጠገቡ ቆሜ ነበር። የላብራቶሪው ሰው ቱቦውን አሽከርክሮ ወደ ብርሃን ከፍ አደረገው። እንደ ወንድሜ ይበጣጠሳል ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ነበር። ቀይ ውሃ ሆኖ፣ አንድም ቋጠሮ ሳይኖርበት፣ ቱቦው ውስጥ ተንሸራተተ። የቀሩትንም ምርመራዎች ሠራ፤ ለቫይረሱ፣ ለጉበት፣ ለሁሉም። «ንጹሕ ነሽ» አለኝ። ሚዛን ላይ አቆመኝ፤ ቀጭን ነኝ፣ ግን አለፍኩ። አሁን የቀረው የባልየው ፊርማ ነው።

ለወሊዱ ከእርሻው የመጣው ባልየው ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ነው የዋለው። ክፉ ሰው አይደለም። እናቱ ባለችበት ግን ሰው አይደለም። ዶክተሩ ሁሉንም አስረድቶ እስክሪብቶ ሰጠው። እናቱ መሃል ገባች።

«በንጹሕ ሰው ላይ ፖዘቲቭ ልትጨምሩ? ነገ እኮ ልጄ ነው አብሯት የሚተኛው!»

«እናት፣ ልጅቷ ኔጌቲቭ ናት» አላት የላብራቶሪው ሰው። «አሁን መረመርኳት፤ ቫይረሱ የለባትም።»

«ቅድም ፖዘቲቭ ስትል አልነበረም እንዴ? ጆሮ አለኝ! ነጋዴ እንኳ ዋጋ ሲቀይር ትንሽ ያፍራል!»

ሰውየው ዞሮ እኔን አየኝ። እንደገና ማስረዳት ጀመርኩ። በወላይትኛ «ሱታ» ማለት ደም ነው፤ ከዚያ ወዲያ ላለው ነገር ቃል የለኝም። እንደ በቆሎ ዘር ነው አልኳት፤ ነጭ አለ፣ ቀይ አለ፣ ሁለቱም ጤነኛ ነው።

«ታዲያ ማን ነው ነጭና ቀዩን አንድ ማሳ ላይ የሚዘራ?» አለች። «ይዳቀላል።»

ልክ ናት ለማለት ምን ቀረኝ!

ባልየው እስክሪብቶውን እያሽከረከረ፣ «ያንን የሐዋሳውን ትንሽ ብንጠብቅስ?» አለ።

«ጠብቅ» አልኩት። «አንተ ጠብቅ። እሷ አትጠብቅህም።»

ነርሷ ከበሩ ወጣች። «ዶክተር፣ ግፊቷ እየወረደ ነው። ስጠራት አትመልስልኝም።»

እናቴ ያኔ ተነሳች። ሕፃኗን ለወንድሜ ሰጠችውና መጥታ ዶክተሩ ፊት ቆመች። እናቴ የምታውቀው አማርኛ የገበያ ነው፤ በእሷ አማርኛ ሰው ሁሉ ወንድ ነው።

«ዶክተር። እሱ የኔ ልጅ ነው። እኔ ነው የወለደ። ደም ስጠው።»

«እማማ፣ ባለቤቷ መፈረም—»

አልጠበቀችውም። ወደ አማቷ ዞራ በወላይትኛ ተናገረች። ጮኸች ማለት አልችልም፤ እናቴ ስትቆጣ ድምጿ ዝቅ ይላል።

«ጎረቤቴ ፖዘቲቭ ናት። ሁሉም ያውቃል። መድኃኒቷን ትውጣለች፣ ልጆቿን ታሳድጋለች፣ ገበያ ትወጣለች፣ ትናንት በውሃ መውረጃ ተጣልታኛለች። ሬሳ ግን አይጣላኝም። አንቺ ንጹሕ ሬሳ ስጡኝ ነው የምትዪው። እኔ የታመመች ልጅ ስጡኝ ነው የምለው።» ከዚያ ባልየውን አየችው። «ፈርም። ከዳነች በኋላ ካልፈለግሃት እኔ እወስዳታለሁ። ሁለቱንም አስታምማለሁ።»

ሁለቱንም። ያኔ ነው የገባኝ። ቀኑን ሙሉ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አንዷ ልጇ እየደማች፣ ሌላዋ ታማ፣ የታመመችውን ደም ለምትደማዋ ለመስጠት ስታሰላስል ነው የዋለችው። ያስረዳኋት ነገር አንዱም አልገባትም፤ ሳይገባት ነው የወሰነችው።

«እማ፣ እኔ እኮ—» ብዬ ጀመርኩ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ አየሁ። አፌን ዘጋሁ። ስለ እኔ እውነቱን ብናገር ደግሞ ክርክር ይነሳል፣ ፊርማው ይቆማል። ይመኑ አልኩ፤ ብቻ ይፈርም።

ፈረመ።

አልጋ ላይ አጋድመውኝ መርፌውን ሲያስገቡ አልተሰማኝም። ከረጢቱ አልሞላ አለኝ። ጡጫዬን እየጨመቅሁ እየለቀቅሁ፣ ፍጠን፣ ፍጠን እላለሁ ለገዛ ደሜ። «ቀስ በይ፣ ላም አይደለሽም፣ አትታለቢም» ብሎ የላብራቶሪው ሰው ሊያስቀኝ ሞከረ፤ እኔ ግን ከረጢቱን ነበር የማየው። ስጨርስ ከረጢቱን እጄ ላይ አኖረልኝ። ይሞቃል። ነርሷ ከእጄ ነጥቃው ሮጠች።

ከዚያ በር ነው ያየሁት። ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ከታች የአልጋ ጎማ የፋቀው በር። ጸሎት አልመጣልኝም። አማቷ ጥግ ላይ ሆና ትጸልይ ነበር፤ ለማን እንደምትጸልይ አልጠየቅኋትም። እናቴ ሚሪንዳ አምጥታ «ጠጪ» አለችኝ። ስጠጣ ቆማ አየችኝና፣ ጠርሙሱን ስትቀበለኝ አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠጋች።

«መድኃኒቱን ስትጀምሩ ሰዓቱን ስልክሽ ላይ ሙዪው። ለሷም አስታውሻት። አብራችሁ ዋጡ።»

«እሺ እማ።»

ምን ልበላት?

ዶክተሩ ሲወጣ ጭምብሉን አውልቆ ግድግዳውን ተደገፈ። ቆሟል አለ። ደሙ ቆሟል፣ ማህፀኗም ተርፏል። እህቴን በአልጋ እየገፉ ሲያሳልፏት ከንፈሯ አመድ መስሏል፤ አፍንጫዋ ስር ጣቴን አድርጌ ትንፋሿን እስካረጋግጥ ድረስ አላመንኩም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ሁምቦ ልጠይቃት የሄድኩት አገግማ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ነው። ግቢው ውስጥ ለእሷ ብቻ የተለየ ቀይ የፕላስቲክ ኩባያ አለ፣ ለእሷ ብቻ የተለየ ሳህን አለ። ባልየው እናቱ ቤት ነው የሚያድረው። እሱና እህቴ ሁለቱም ጤና ጣቢያ ሄደው ተመርምረዋል፤ ኔጌቲቭ ተብለዋል። አማቷ ግን፣ «እነሱ ሲፈልጉ ፖዘቲቭ፣ ሲፈልጉ ኔጌቲቭ» ብላ ወረቀቱን ገፋችው።

ደሜ ፈላ። «ዛሬ ተጣልቼ ነው የምሄደው» አልኩ። ሳህኑን አንስቼ አማቷ ፊት ልበላበት ተነሳሁ። እህቴ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ልጇን እያጠባች ነው። ዶክተሩ ስለሚመጣው ልጅ ያለውን ሁሉ ያኔ ነገርኳት፤ ከእኔ በቀር ጆሮ ሰጥቶ የሰማው አልነበረም። ሰውነቷ ምን እንደተማረ፣ ካረገዘች ገና በመጀመሪያው መምጣት እንዳለባት፣ ልጁ ሊሞት እንደሚችል። እየሰማችኝ የልጇን ራስ ዳበሰች። እንደ ድሮው የምትስቅ መስሎኝ ነበር።

«ለእሱ ነግረሽዋል?»

«ዶክተሩ ነግሮታል፤ የሰማ አይመስለኝም። አሁን እነግረዋለሁ።»

«እንዳትነግሪው። ወንድ ልጅ የማትወልድለት ከመሰለው ሌላ ያመጣል።»

«ታዲያ ይሄ ሳህንስ? ይሄ ኩባያስ? ፖዘቲቭ ናት እያሉሽ እስከ መቼ?»

ሕፃኗን ከአንዱ ጡቷ አላቅቃ ወደ ሌላው አዞረቻት።

«ይበሉ» አለች። «ፖዘቲቭ ናት እስካሉ ድረስ አጠገቤ አይመጣም። እኔ ገና አሁን ነው ቆሜ መሄድ የቻልኩት። ተዪአቸው፣ ለጊዜው ይበሉ።»